ከጭቃ ሹምነት እስከ ዙፋን፤ የበርማው ንጉሥ የአላውንግፓያ ታሪክ

የዓለም ታሪክ በሚተረክባቸው መጻሕፍት ውስጥ ዘውድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ እናነባለን። አንድ የገጠር ሹም ከመሬት የወደቀውን ዘውድ አንሥቶ በገዛ ራሱ ላይ ሲጭን የምናነበው ግን አልፎ አልፎ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ከገጠማቸው ሰዎች አንዱ በ18ኛው መቶ ዓመት በበርማ አገር ተነሥቶ የኮንባውንግን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው አላውንግፓያ ነው። ይህ ሰው የነገሠው ስምንት ዓመት ብቻ ነው፤ በነዚህ ስምንት ዓመታት ግን ተበታትኖ የነበረውን አገር ሰብስቦ አንድ አደረገ፤ 133 ዓመት የቈየ ሥርወ መንግሥትም ተከለ። ዳሩ ግን አገሩን ያዳነበት ሰይፍ ወደ አፎቱ ሳይመለስ ስለ ቀረ፣ ታሪኩን የሚያነብ ሰው አድናቆትና ሐዘን አብረው ይይዙታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በርማ፣ ዛሬ ምያንማር ተብላ የምትጠራው አገር፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የምትገኝ ስትሆን ከሕንድ፣ ከቻይናና ከታይላንድ ጋራ ትዋሰናለች። ኢራዋዲ የሚባለው ታላቅ ወንዝ ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጧት ወደ ባሕር ይገባል። በወንዙ ላይኛ ክፍል ዝናሙ ጥቂት ስለ ሆነ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በመስኖ ሩዝ እያመረተ ኖሯል፤ ይህ ክፍል የበርማውያን ዋና መኖሪያ ነው። የታችኛው ክፍል ደግሞ ዝናም የበዛበት፣ ለባሕር የቀረበና ለንግድ የተመቸ ነው፤ በዚያም የራሱ ቋንቋና የቈየ ሥልጣኔ ያለው ሞን የተባለ ሕዝብ ይኖር ነበር። የላይኛው አገር መናገሻ አቫ፣ የታችኛው አገር መናገሻ ፔጉ ነበሩ። የበርማ የድሮ ታሪክ በአብዛኛው የነዚህ ሁለት ከተሞች መፎካከር ታሪክ ነው።

ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሁለቱን ክፍሎች አንድ አድርገው ይገዙ የነበሩት የታውንጉ ነገሥታት ናቸው። እነርሱም በ1635 መናገሻቸውን ከፔጉ ወደ አቫ አዛወሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታት ከቤተ መንግሥት አጥር መውጣት እየተዉ ሄዱ፤ የየአውራጃው ገዢዎችም በመናገሻው ከተማ እየኖሩ ግብሩን በእንደራሴ ያስሰበስቡ ጀመር። ገዢ ከሚገዛው ሕዝብ ሲርቅ በደል መብዛቱ አይቀርምና፣ ገበሬው ግብር ሲከብደው ወደ ባለጠጋ ቤት እየተጠጋ ከንጉሡ መዝገብ መውጣት ጀመረ። የመዝገቡ ሰው ሲያንስ የንጉሡም ጦር እያነሰ ሄደ። ይህን ድካም ያዩት የምዕራብ ጎረቤቶች፣ የማኒፑር ፈረሰኞች፣ በየጊዜው እየወረዱ አገሩን ይዘርፉ ነበር። በ1738 ከአቫ ፊት ለፊት ከወንዙ ማዶ እስከምትገኘው እስከ ሳጋይንግ ድረስ ዘልቀው ቤት አቃጠሉ፤ የንጉሡም ጦር ሊከለክላቸው አልቻለም።

በ1740 ፔጉ ሸፈተችና የራሷን ንጉሥ አነገሠች። ይህን ዓመፅ አንዳንድ ሰው የሞኖችና የበርማውያን ጠብ ብቻ አድርጎ ይተርከዋል፤ ነገር ግን ቀረጥ የከበዳቸው ብዙ በርማውያንና ካረን የሚባሉ ሰዎችም ከዓመፀኞቹ ጋራ ነበሩ። በ1747 ቢንያ ዳላ የተባለ ሰው የፔጉን ዙፋን ያዘ፤ ከባሕር ማዶ ነጋዴዎችም ጠበንጃ እየገዛ ጦሩን ወደ ሰሜን አዘመተ። በማርች ወር 1752 አቫ ወደቀች። የታውንጉ የመጨረሻው ንጉሥ ተማርኮ ወደ ፔጉ ተወሰደ። የፔጉ ሰዎች ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሏቸው አብዛኛውን ጦር ወደ ደቡብ መለሱ፤ ዳላባን የሚባለውን የጦር አለቃ ብቻ በሰሜን ትተው የቀሩትን መንደሮች እንዲያስገብር አዘዙት። ስሕተታቸው ይህ ነበር።

ከአቫ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ሙ በሚባለው ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሞክሶቦ የምትባል መንደር ነበረች። የመንደሪቱ አለቃ፣ በእኛ አነጋገር ጭቃ ሹም ልንለው የምንችለው፣ በ1714 የተወለደ አውንግ ዜያ የሚባል ሰው ነበር። ቤተሰቡ በዚያ ሸለቆ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ሹመት ሲወርስ የኖረ ነው፤ እርሱም የሰዉን ስም፣ የማሳውን ድንበርና የውሃውን ተራ ለይቶ ያውቅ ነበር። የአቫ ቤተ መንግሥት ሲፈርስ በአገሩ ሥርዓት ሆኖ የቀረው የነዚህ የመንደር ሹማምንት ሥልጣን ብቻ ነበርና፣ አዲሱ መንግሥት ከዚያ መነሣቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

አውንግ ዜያ አቫ ከመውደቋ ጥቂት ቀደም ብሎ በአካባቢው ያሉትን 46 መንደሮች አስማምቶ በአንድነት እንዲከላከሉ አደረገ፤ በፌብሩዋሪ ወር 1752 መጨረሻም ንጉሥ ነኝ ብሎ ዐወጀ። የተቀበለው ስመ መንግሥት አላውንግፓያ የሚል ሲሆን፣ ትርጓሜው ወደ ፊት ቡድሃ ለመሆን የታጨ ማለት ነው። የሰባት መቶ ዓመት ታሪክ ካላቸው ከጥንቶቹ የፓጋን ነገሥታት ዘር ነኝ ብሎም አስነገረ። ይህ የትውልድ ሐረግ እውነት ይሁን አይሁን፣ በዚያን ጊዜ የሕዝቡን ልብ የሳበው ግን ዘሩ አልነበረም፤ ሌላው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እርሱ ቀና ብሎ መቆሙ ነበር።

አቫ እንደ ወደቀች የፔጉ ሹማምንት በየመንደሩ እየዞሩ፣ ሰው ሁሉ እንደ አገሩ ልማድ የመሐላ ውሃ እየጠጣ ለቢንያ ዳላ እንዲገዛ ያደርጉ ነበር። ብዙ መንደሮችም ጠጡ። ወደ ሞክሶቦ የተላከው ጭፍራ ግን መሐላውን ሳያስምል ቀረ፤ አላውንግፓያ በመንገድ አድፍጦ ደመሰሰው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምን እንደ ሆነ ያውቅ ነበርና፣ የዘንባባ ግንድ እያስቈረጠ መንደሪቱን በአጥር አስከበበ፤ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍና ቍጥቋጦ አስመነጠረ፤ ከአጥሩ ውጭ ያሉትን ኵሬዎችና ጕድጓዶች አስደፈነ። ይህን ያደረገበት ምክንያት ጠላት ቢመጣ የሚሸሸግበት ጥላና የሚጠጣው ውሃ እንዳያገኝ ነው። በአቅራቢያው ያሉት መንደሮች ሰዎችም ከነልጆቻቸውና ከነእህላቸው ወደ አጥሩ ውስጥ ገቡ።

ዳላባን ደጋግሞ መጣ፤ ደጋግሞም ተመለሰ። መከላከያው የዘንባባ ግንድ፣ ጦርና ጎራዴ፣ ጥቂትም ጠበንጃ ነበር፤ ነገር ግን በአጥሩ ውስጥ ያለው ሰው የሚዋጋው ለገዛ ማሳውና ለገዛ ልጁ ነበርና ከባዕድ አገር የመጣው ጭፍራ ሊቋቋመው አልቻለም። በየድሉ ምርኮ መሣሪያ ተገኘ፤ በየድሉም የሚከተለው ሰው በዛ። ከአቫ የተበተኑት የንጉሥ ወታደሮችና የሌሎች አውራጃዎች ሹማምንት ወደ እርሱ ጐረፉ። ሞክሶቦም ስሟ ተለውጦ ሽዌቦ ተባለች፤ ሽዌ በበርማውያን ቋንቋ ወርቅ ማለት ነው። በጃንዋሪ ወር 1754 የንጉሡ ሁለተኛ ልጅ፣ ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ፣ አቫን ከፔጉ ሰዎች አስለቀቀ። ፔጉዎች በዚያው ዓመት ያላቸውን ኀይል ሁሉ አሰባስበው ቢመጡም አቫን መልሰው ለመያዝ ሳይችሉ ቀሩ።

በዚያው በ1754 መጨረሻ ፔጉዎች ራሳቸውን የሚጎዳ ሥራ ሠሩ። ያሰሩትን የታውንጉ ንጉሥ ከሴረኞች ጋራ ተማክረሃል በማለት ገደሉት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለቀድሞው ንጉሥ ታማኝ ሆነው በሁለት ልብ የነበሩ በርማውያን ሁሉ ከዚህ በኋላ ከአላውንግፓያ በቀር የሚጠብቁት ጌታ አልነበራቸውምና፣ በፔጉ ግዛት ውስጥ ያሉት ሳይቀሩ ተነሡ። እርሱም ጦርነቱን ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱንም ይመለከት ነበር። የሚያሰክር መጠጥንና የከብት ዕርድን ከለከለ፤ ማኑግዬ የሚባለው የሕግ መጽሐፍም በዘመኑ በሕዝቡ ቋንቋ ተጠናቅሮ ከእርሱ በኋላ ለብዙ ዘመን ለዳኞች መመሪያ ሆነ።

በ1755 አላውንግፓያ በኢራዋዲ ላይ በጀልባ ሠራዊቱን ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ። ፕሮምን ይዞ ካለፈ በኋላ በሜይ ወር ዳጎን ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ደረሰ። በዚያ ሽዌዳጎን የሚባለውና በቡድሃ ተከታዮች ዘንድ እጅግ የተከበረው ባለወርቅ ፓጎዳ ቆሞ ነበርና ንጉሡ ስግደቱን አቀረበ። ለከተማይቱም ያንጎን የሚል ስም አወጣላት፤ ትርጓሜውም የጠብ ፍጻሜ ማለት ነው። እንግሊዞች ራንጉን ብለው የጠሯት ይህችው ከተማ ናት፤ እስከ 2005 ድረስ የአገሪቱ ዋና ከተማ ሆና ቈይታ ዛሬም በሕዝብ ብዛት የመጀመሪያዋ ናት። ያንጎን የሚለው ስም የንጉሡን ምኞት ይናገራል። ሥራው ግን ከምኞቱ ጋራ እስከ መጨረሻው አልተስማማም።

ከያንጎን በወንዝ ማዶ የሲርያም ወደብ ነበረ። በዚያን ጊዜ ፈረንሳውያንና እንግሊዞች በሕንድ አገር የሚያደርጉት ፉክክር ወደ በርማም ተሻግሮ ነበር። ፈረንሳውያን ብሩኖ የሚባለውን መልእክተኛቸውን ልከው ፔጉን ይደግፉ ነበር፤ የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያም በ1753 በወንዙ አፍ የሚገኘውን ነግራይስ የሚባለውን ደሴት ማንንም ሳያስፈቅድ ያዘ። አላውንግፓያ ሲርያምን ብዙ ወራት ከቦ በረኀብ ሊያስለቅቃት ሞከረ። በመጨረሻም ከሠራዊቱ ውስጥ በፈቃዳቸው ለሞት የቀረቡ 93 ሰዎች ተመረጡ። በጁላይ ወር 1756 እነዚህ ሰዎች በሌሊት ቅጥሩን ዘልለው በሩን ከፈቱ፤ ከተማይቱም ተያዘች። ከ93ቱ በሕይወት የተረፉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ። የበርማ ታሪክ ጸሐፊዎች የሲርያም የወርቅ ጭፍራ እያሉ ያወድሷቸዋል።

ሲርያም ከወደቀች ከጥቂት ቀን በኋላ ለፔጉ ርዳታ የጫነች የፈረንሳይ መርከብ የሆነውን ሳታውቅ ደረሰች፤ ተታልላም ወደ ወንዙ ውስጥ ገብታ ተያዘች። መድፏና ከሺህ የሚበልጠው ጠበንጃዋ የንጉሡ ሆነ። ብሩኖና ሹማምንቱ ተገደሉ፤ ወደ 200 የሚጠጉት ሌሎች ፈረንሳውያን ግን በሕይወት እንዲቀሩ ተደርጎ መድፈኛ ሆኑ። በኋላም በሙ ሸለቆ መሬትና ሚስት ተሰጥቷቸው ዘራቸው በዚያው ቀረ። ንጉሡ የባሕር ማዶውን ጥበብ አይንቅም ነበር፤ የባሕር ማዶ ሰው ጌታው እንዳይሆን ብቻ ይጠነቀቅ ነበር።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆነን ለእንግሊዝ ንጉሥ ለሁለተኛው ጊዮርጊስ የጻፈው ደብዳቤ ነው። በሜይ ወር 1756 የተጻፈው ይህ ደብዳቤ በተጠፈጠፈ ወርቅ ላይ የተቀረጸና በ24 ቀይ ዕንቍ ያጌጠ ነበር። ቃሉም አንድ ንጉሥ ለወንድሙ ንጉሥ እንደሚጽፍ ሆኖ፣ እንግሊዞች በባሴይን ወደብ የንግድ ቦታ እንዲያገኙ መፍቀዱን የሚገልጽ ነበር። ደብዳቤው ለንደን የደረሰው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ንጉሥ ጊዮርጊስ መልስ ሳይጽፍ፣ ዕቃውን እንደ ብርቅ ነገር ቈጥሮ በጀርመን ወደሚገኘው የአባቶቹ አገር ወደ ሃኖቨር ቤተ መጻሕፍት ላከው። በዚያም ሳይነበብ ተቀምጦ ቈይቶ፣ ቃሉ በሙሉ የታወቀው ከ250 ዓመት በኋላ ነው፤ በ2015ም ዩኔስኮ በዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በወርቅ ጽፎ መልስ ያጣው ንጉሥ በእንግሊዞች ላይ ቅር መሰኘቱ አልቀረም። በ1759 ኦክቶበር ወር፣ ሞኖችን ትረዳላችሁ በሚል ጥርጣሬ፣ በነግራይስ የነበሩት የኩባንያው ሰዎች በትእዛዙ ተገደሉ።

በመካከሉ የፔጉ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። ከተማይቱ በተከበበች ጊዜ ቢንያ ዳላ ሴት ልጁን ለአላውንግፓያ ድሮ ዕርቅ ለመነ፤ ልጅቱም በክብር ወደ ሰፈሩ መጣች፤ ዕርቁ ግን አልጸናም። በሜይ ወር 1757 የአላውንግፓያ ሠራዊት ገብቶ ፔጉን ዘረፈ፤ ቅጥሩ ፈረሰ፤ ሽማግሌና ሕፃን፣ መነኵሴም ሳይለይ ብዙ ሕዝብ አለቀ። የተረፉት ሞኖች በብዙ ሺህ ወደ ሲያም፣ ማለትም ወደ ዛሬዪቱ ታይላንድ፣ ተሰደዱ። የሞን መንግሥት ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነሣም፤ በታችኛው በርማም የሞን ቋንቋ ቦታውን ለበርማውያን ቋንቋ እየለቀቀ ሄደ። ቢንያ ዳላ 17 ዓመት በእስር ከቈየ በኋላ በ1774 የአላውንግፓያ ልጅ በሕዝብ ፊት አስገደለው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። በ1752 አላውንግፓያ የመሐላውን ውሃ አልጠጣም ያለው፣ ባዕድ ገዢ መንደሩን እንዳያጠፋ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ እርሱ ራሱ በሌላው ሕዝብ ከተማ በር ላይ ቆመ። በፔጉ ቅጥር ውስጥ ያለው ሞንም የሚዋጋው እንደ ሞክሶቦ ገበሬ ለገዛ ማሳውና ለገዛ ልጁ ነበር። መከበብ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ለተከበበ ሰው መራራት ይገባው ነበር፤ ዳሩ ግን ድል ብዙ ጊዜ የቀድሞውን መከራ ያስረሳል።

ከፔጉም በኋላ ሰይፉ አላረፈም። በ1758 ወደ ማኒፑር ዘምቶ የቀድሞውን ወረራ በብዙ እጥፍ ተበቀለ፤ ፈረሰኞችንና የሐር ሸማኔዎችንም ማርኮ ወደ አገሩ አመጣ። በ1759 መጨረሻ ደግሞ ወደ ሲያም ተነሣ። ሠራዊቱ በባሕሩ ዳርቻ በታቮይና በቴናሰሪም በኩል ተጕዞ፣ ተራራውን ተሻግሮ በኤፕሪል ወር 1760 የሲያምን መናገሻ አዩታያን ከበበ። የክረምቱ ዝናም ቀርቦ ነበር። ንጉሡም በድንገት በጽኑ ታመመ፤ አንዳንዶች ተቅማጥ ነው ይላሉ፤ ሲያሞች ግን መድፍ ፈንድቶ አቈሰለው ብለው ይተርካሉ። ከበባው ተፈታና ንጉሡ በቃሬዛ ተይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ በሜይ 11 ቀን 1760 በመንገድ ሞተ። ዕድሜው 45 ዓመት ነበር። ሬሳው ወደ ተነሣባት ወደ ሽዌቦ ተወስዶ በዚያ ዐረፈ።

አላውንግፓያ ሲሞት ዙፋኑን ልጆቹ ሁሉ በየተራ ከወንድም ወደ ወንድም እንዲወርሱት ተናዝዞ ነበር። ይህ ኑዛዜ ከአባት ፍቅር የመነጨ ቢሆንም ለመንግሥቱ ክርክርን አወረሰው፤ ምክንያቱም የነገሠ ሁሉ ለልጁ ማውረስ ይመኛል፤ ተራውን የሚጠብቀው ወንድም ደግሞ ይህን አይቀበልም። በ1782 በአንድ ሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ ሦስት ነገሥታት በዙፋኑ ላይ ተፈራረቁ፤ ብዙ የንጉሥ ዘርም ተገደለ። ሁለተኛው ልጁ ሥንቢዩሺን አባቱ ያልፈጸመውን ፈጽሞ በ1767 አዩታያን አወደመ፤ የቻይናን ጦርም መከተ። ሌላው ልጁ ቦዳውፓያ አራካንን ያዘ። በዚህ ዓይነት የግዛቱ ድንበር እየሰፋ ሄዶ እንግሊዞች ከያዙት ከሕንድ ጋራ ተገናኘ፤ ከዚያም በ1824፣ በ1852ና በ1885 ሦስት ጦርነት ሆነ። በመጨረሻው ጦርነት ከሥርወ መንግሥቱ ዐሥራ አንደኛው ንጉሥ ቲቦ ተማርኮ ወደ ሕንድ ተጋዘ። በርማም ነፃነቷን እስከ ተቀዳጀችበት እስከ 1948 ድረስ በእንግሊዝ ሥር ቈየች።

እንግዲህ ስለዚህ ሰው ምን እንፍረድ? አላውንግፓያን ያለ ነቀፌታ የሚያመሰግነው የፔጉን ሬሳ ማየት ያልፈለገ ነው፤ ያለ ምስጋና የሚነቅፈውም በ1752 መሐላውን መጠጣት ምን ያህል ቀላል፣ አለመጠጣት ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ያላሰበ ነው። ታላቅነቱ፣ መንግሥት በፈረሰ ጊዜ መንግሥት ከየት እንደሚጀመር ማወቁ ነው፤ ይኸውም ከመንደር፣ ከሚያውቁትና ከሚያምኑት ሕዝብ፣ ከዘንባባው አጥር ነው። ጕድለቱም ያንን አጥር የት ላይ ማቆም እንደሚገባ አለማወቁ ነው።

ለያንጎን ያወጣው ስም ዛሬም አለ። ከተማይቱ ስሟን ካገኘች በኋላ በአገሪቱ ብዙ ጦርነት ሆኗል፤ በዘመናችንም በ2021 ወታደሮች ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ብዙ ደም ፈሷል። የጠብ ፍጻሜ የሚለውን ስም አንድ ንጉሥ በአንድ ቀን ሊያወጣው ይችላል፤ ስሙን እውነት ማድረግ ግን ድል ያደረገው ሰው ድል ለሆነው ሰው በሚያደርገው ምሕረት የሚፈጸም ሥራ ነው። አላውንግፓያ የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን ሳይሠራው አለፈ።